የሞክሼውን ሥዕል እምቢ ያለ ሰው

የሠዓሊውን የፈለቀ ደስታን ማረፍ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለን ጎረቤቶቹ በጠዋት ሰማን። ቀትር ላይ ደግሞ በፌስቡክ ወጣ። የለጠፈው ሰው በቅን ልቡ ነው፤ ግን «ነፍስ ይማር» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ያስቀመጠው ፎቶ የኳስ በረኛው የፈለቀ ደስታ ነበር። በረኛው ፈለቀ በወጣትነቱ ስታዲየም ሙሉ ሰው ስሙን እየጠራ የጨፈረለት፣ ዛሬ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮል አደረገኝ።

«ጋሽ አየለ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ፈለቀ ነኝ። ሟቹ።»

በዚያ ቀን መሳቅ አይገባም ነበር፤ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «እህቴ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ደወለች። አቤት ስላት፣ አንተ ማን ነህ በሟች ስልክ የምታወራው ብላ ሰደበችኝ። እባክዎን ፎቶዬን ከፌስቡክ ላይ እንዲያነሱልኝ ይንገሩልኝ» አለኝ።

ነገርኳቸው፤ አነሱት። ከፎቶው ሥር ግን አንድ ሥዕል ነበረ። ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች፣ የተዘጋ ጥላ ጉልበቷ ላይ ያጋደመች ሴት። «የታላቁ ሠዓሊ ታላቅ ሥራ» ይላል። እሷ አልተነሳችም። ፎቶው በስህተት የወጣበት ሰው በሕይወት ስላለ ደውሎ አስነሳ። ያቺን ሴት የሳላት ሰው ግን ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለ እሱ ይጮህ የነበረው የኛ ፈለቀ ደግሞ ሞቶ ገና አልተቀበረም። እንግዲህ ማን ይደውልለት?

ያን ቀን ነው ልጽፍ ያሰብኩት። እጄ ቀርፋፋ ነውና እስከ ዛሬ ቆየ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አሜሪካም መጥቼ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና በማቆም ነው። ስለ ሥዕል የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከፈለቀ ነው። ስለ እምቢታም እንደዚያው።

የተዋወቅነው በአፓርትመንታችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ባለ ቆብ ሰውዬ ማድረቂያው ላይ ትልቅ መጽሐፍ ዘርግቶ ቆሞ አገኘሁት። የጣቶቹን መገጣጠሚያ ብርድ ይቆረጥመው ነበርና፣ ማድረቂያው ሲሠራ ከላዩ ያለውን ሙቀት ይወደዋል። መጽሐፉ ከላይብረሪ የተዋሰው የሥዕል መጽሐፍ ነው።

«ና እስቲ ወንድሜ፣ ይህቺን ሴትዮ እያት» አለኝ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥዕሏ ሥር ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ስፍጨረጨር መዳፉን አምጥቶ ከደነው።

«እሱን ተወው። መጀመሪያ እሷን።»

«ማን እንደሳላት ልወቅ ብዬ ነው።»

«ስሙን ካነበብክ በኋላ እሷን አታያትም። ትልቅ ስም ከሆነ ገና ሳታያት ‘ወይ ጉድ’ ትላለህ። የማታውቀው ስም ከሆነ ገጹን ትገልጣለህ። ያቺ ምስኪን በመሐል ሳትታይ ትቀራለች።»

እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረኝ ለእኔ ይህ ትልቅ ምሕረት ነበር። ከዚያ በኋላ ልብሳችን እስኪደርቅ ድረስ እሱ ይገልጣል፣ እኔ አያለሁ፤ መዳፉ ከጽሑፉ ላይ አይነሳም። «ምን አየህ?» ይለኛል። «ሰውየው ጫማው ጠቦታል» እላለሁ። «ጎሽ! ሠዓሊው ለዚህ ነው የለፋው፤ መጽሐፍ የሚጽፉት ፕሮፌሰሮች ግን አይጽፉትም» ይልና መዳፉን ያነሳል።

እሱ ራሱ የታወቀ ሠዓሊ መሆኑን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አገር ቤት የሥዕል ትምህርት ቤት ተምሮ፣ እዚያው አስተምሮ፣ ከዚያ እዚህ መጥቶ ሌሊት ሌሊት ሆቴል ውስጥ እየሠራ ቀን ቀን የሳለ ሰው ነው። ገበያ ይስል ነበር፤ የገበያ ሰዎች እጅ በተለይ። ሥዕሉን እዚህ አጠገባችን ስፕሪንግፊልድ ብዙ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

«እምቢ» የምትለውን ቃል እንደ እሱ በለሆሳስ የሚላት ሰው አላየሁም። ሌላው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተቆጥቶ ነው እምቢ የሚለው። እሱ ሌላው «እሺ» በሚልበት ድምፅ ይላታል፤ ሰሚው ተስማማ ብሎ ሊሄድ ተነስቶ እንደገና ይቀመጣል። አንድ የስፕሪንግፊልድ ባለጸጋ መልኩን በሥዕል እያሠራ፣ «ጋሽ ፈለቀ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቀጠን ቢያደርጉኝስ?» ብሎ ሆዱን አሳየው። «እምቢ» አለ ፈለቀ ብሩሹን እያጠበ። «ስንት ዘመን የለፋህበትን ሆድ፣ እኔ ምን ቤት ነኝና በአንድ ጠዋት የማጠፋው?»

ስሙ ደግሞ የብዙ ሰው ነበር። ፈለቀም ብዙ ነው፣ ደስታም ብዙ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሌላ የታወቀ ሰው ይወጣል። በረኛውን ነግሬያችኋለሁ። አንድ ክራር ተጫዋች ፈለቀ ደስታም ነበር፤ ካሴቱ እዚህ ድረስ ይሸጥ የነበረ። ሰው ሰርግ ላይ ይይዘውና፣ «የክራሩ ነህ የኳሱ?» ይለዋል። «የቀለሙ ነኝ» ይላል። ሞክሼዎቹን ይወዳቸው ነበር። በረኛውን ባገኘው ቁጥር «ሞክሼ!» ብሎ አቅፎ ይስመዋል፤ አገራችን ስምን የተጋራ ሰው ወንድም ነውና። «ስም የጋራ ነው አየለ። እጅ ግን ለየራስ ነው» ይለኝ ነበር። ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት።

እንግዲህ መጽሐፉ መጣ።

ዶክተር ሰሎሞን የሚባል፣ ደግ፣ ለፊ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሥዕሎቹን ከየሰዉ ቤት፣ ከየአገሩ ፎቶ እያነሳና እያስነሳ ዓመታት ፈጅቶበታል። ምረቃው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ፈለቀን እኔ ነኝ በመኪናዬ የወሰድኩት። ከፊት አስቀመጡን። መጽሐፉ በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ለፈለቀ ስለ ሽፋኑ ማንም አልነገረውም፣ ሰርፕራይዝ ነው ተብሏል።

ጨርቁ ሲገለጥ ባለ ጥላዋ ሴት ወጣች። ከኋላዋ ቢጫ ግድግዳ፤ ግን ምን ዓይነት ቢጫ! አዳራሹ ውስጥ ፀሐይ የገባ መሰለ። ሴትዮዋ ሐዲዱን አታይም። የምትጠብቀው ሰው እንደማይመጣ አውቃ፣ ግን ላለመነሳት የወሰነች ትመስላለች። ዶክተሩ በማይክሮፎን «የጋሽ ፈለቀ ደስታ ድንቅ ሥራ!» አለና አጨበጨበ፤ አዳራሹ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

ለፈለቀ አንዱን መጽሐፍ ሰጡት፤ ሽፋኑ ላይ እጁን አሳረፈ። ደስታ ውጦት ነው ብዬ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከመቀመጫው ትንሽ ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ሰው ሊያስፈርመው ከበበው። በመሐል ከካፖርቷ ሥር የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ቀረበች። ከሥራ ነው የመጣችው። ሰናይት ትባላለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለችው።

«ጠይቂ የኔ ልጅ።»

«እናቴን የት ነው የሳሏት?»

ቀና ብሎ አያት። «እናትሽ ማናት?»

ጣቷን ሽፋኑ ላይ አሳረፈች። «ይቺ ናት። ጥላዋን ልጅ ሆኜ እኔ ነኝ የሰበርኩባት።»

«አባትሽስ ማን ይባላል?»

«ፈለቀ ደስታ።»

በዙሪያችን የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ፈለቀ ዞረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወይ ጉዴ!» ስትል በግልጽ ሰማሁ። ፈለቀ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «የድሬዳዋው? ታቤላ የሚጽፈው?» አላት። «አዎ ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት…» አለች። «ሞክሼዬ ነበር» አለና ተነስቶ አቅፎ ሳማት።

የድሬዳዋውን ነገር ከእኔ በቀር የሰማ የለም። አዳራሹ የሰማው «አባቴ ፈለቀ ደስታ ነው» የሚለውን ነው። ያየው ደግሞ ፈለቀ ደስታ እያለቀሰ ልጅቷን ሲስም ነው። እንደገና ተጨበጨበ። እልልም ያለ ነበረ። እኛ አሌክሳንድሪያ ሳንደርስ ስልኬ ይጮህ ጀመር፤ «ለፈለቀ ልጅ ተገኘችለት አሉ!»

እውነቱን የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለ አንድ የቡና ቤት ባለቤት መጥቶ አንገቱን አነቀው፤ «ታቤላዬን እጽፋለሁ ብለህ የት ጠፋህ?» ብሎ። ያንን ሥራ የጀመረውን ሌላውን ፈለቀ ደስታ ፈልጎ አገኘው፤ ከድሬዳዋ መጥቶ የሰው በረንዳ ላይ የሚያድር፣ ከሱቅ በር በላይ በሚሰቀል ታቤላ ላይ ፍየልና ብርጭቆ የሚስል ወጣት። ክፍሉን አካፈለው። ሞክሼው በቀለም ቤት ትራፊ ቀለም፣ እሱ ሳምንት የሚፈጅበትን በአንድ ከሰዓት ይጨርስ ነበር። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ፣ አገባ፣ ሳያረጅ ሞተ። ልጅ መኖሯን ፈለቀ አያውቅም ነበር።

«ሲያጨበጭቡ፣ አየለ፣ ለአፍታ የኔ መሰለችኝ» አለኝ። «ፈልጌያት እኮ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኋት ሴት ናት። እንዲህ ያለ ቢጫ ደፍሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«የሰው ነዋ! እመልሳለሁ።»

ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። በሳምንቱ ሴቨን ኮርነርስ አንድ ካፌ ውስጥ ከዶክተሩና መጽሐፉን ካስመረቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጋር ተቀመጥን። ኮሚቴው በዚያች ሥዕል ምክንያት ፈለቀን ሊሸልመው እየተዘጋጀ ነበር። ፈለቀ ሥዕሏ የሱ አለመሆኗን ነገራቸው።

ዶክተሩ ሲኒውን አስቀመጠ። «ማስረጃ አለዎት ጋሼ?»

«አልሳልኳትማ!»

«እሱ ማስረጃ አይሆንም።»

«‘የኔ ናት’ ለሚል ሰው ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ደግ ነው። ‘የኔ አይደለችም’ የሚል ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«እንዲያው… ብዙ ስለሳሉ፣ ዕድሜም ስላለ፣ ተረስቶዎት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«የሳልኩትን ልረሳ እችላለሁ። እጄን ግን አልረሳም።»

ሊቀ መንበሩ ማስታረቅ የለመደ ሰው ነውና በመሐል ገባ። «ጋሽ ፈለቀ፣ ምን ያስጨንቀናል? መጽሐፉ የሚለው ‘ፈለቀ ደስታ’ ነው። ያም ፈለቀ ደስታ፣ እርስዎም ፈለቀ ደስታ። ፊደሉ ልክ ነው! ምኑ ይታረማል?»

«ስሙ ልክ ነው» አለ ፈለቀ። «ሰውየው ነው የተሳሳተው።»

«በሚቀጥለው እትም እናየዋለን» ተባለ። ሽልማቱንስ? «እምቢ» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። ሊቀ መንበሩ እሺ ያለ መስሎት እጁን ሊጨብጠው ዘረጋ።

የሚቀጥለውን እትም አልጠበቀም። መጽሐፉን የያዙትን ቤቶች እያፈላለገ፣ እኔ እየነዳሁ፣ መዞር ጀመርን። ገብቶ ይቀመጣል፣ ጨዋታ ይጫወታል፣ ከዚያ «መጽሐፉ አላችሁ አይደል?» ይላል። ሊፈርምልን ነው ብለው ሮጠው ያመጡታል። ከሥዕሏ ሥር በጥሩ እጅ ጽሕፈቱ፣ «ይህችን ሴት የሳላት የድሬዳዋው ፈለቀ ደስታ ነው። እኔ፣ ሌላው ፈለቀ ደስታ፣ አልሳልኳትም» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል።

ስፕሪንግፊልድ አንዲት ወይዘሮ ደስ ብሏት፣ «እባክዎን ‘ለውድ እህቴ’ ይበሉልኝ» አለች። አለላት፤ ቀጥሎም ያንኑ ጻፈ። ስታነበው ፊቷ ጠቆረ። «ታዲያ አሁን መጽሐፌ ተበላሸ ማለት ነው?»

«የለም፣ አሁን ገና ተበጀ።»

እዚህ የተወለደች ልጇ ከጎን ቆማ ስታይ ቆይታ፣ «ሶ… ዊች ዋን አር ዩ?» አለችው፤ የትኛው ነዎት ማለቷ ነው።

«ዘ አዘር ዋን» አለ ፈለቀ፤ ሌላኛው ማለቱ ነው። ይህችን ቃል እጅግ ወደዳት። መኪና ውስጥ ገብቶ እየሳቀ፣ «ዘ አዘር ዋን! ከሽልማቱ ይህቺ ትሻላለች» ይላል።

ሁሉም ቤት እንዲህ አልነበረም። አንድ ቤት ሚስትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «እሱ የለም፣ መጽሐፉም ከሱ ጋር ነው» አለችን፤ ከሳሎን የባልየው ሳል ይሰማል። ፈለቀ በበሩ ክፍተት አንገቱን አስግጎ፣ «ለሳሉ ትኩስ ነገር ጠጣበት ወንድሜ፣ እመለሳለሁ» አለው። ተመለስንም። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሰውየው ራሱ መጽሐፉን ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «ፈርምና ገላግለኝ!»

ሐሜቱ ግን ከፋ። ልጅቷን ከሚስቱ ተደብቆ ወልዶ ሲያበቃ፣ አሁን «የሞክሼዬ ልጅ ናት» ብሎ እየካደ ነው ተባለ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ሙታን ግን ከሐሜት አያርፉም። አንድ የድሮ ወዳጁ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እኔ እየሰማሁ ያዘው። «ፈለቀ፣ ሁላችንም ሰው ነን። ልጅህን ተቀበልና በቃ ዝም በል። ሥዕሉም ያንተ፣ ልጅቷም ያንተ፣ ምን ቀረህ?»

ፈለቀ ቆቡን አወለቀ። «ልጄ ብትሆን በታደልኩ። ግን የሰው ልጅ አልወስድም። የሰው ሥዕልም አልወስድም።»

ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታም ነሳው። ሌሎችም ተከተሉት። ሥዕል ሊያሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘገዩ፣ ከዚያም ጠፉ። ሰርግ ላይ ከኛ ጠረጴዛ ላለመቀመጥ ሰው ሳህኑን ይዞ ሲንቀዋለል እያየሁ እጄ ምግብ አልነካ አለኝ። እሱ ይበላ ነበር። «ብላ እንጂ! እነሱ እኮ ናቸው መቀመጫ ያጡት» ይለኛል።

አንድ ቀን ስለ ደከመው፣ «ይበቃሃል እኮ፣ ያቅምህን አድርገሃል» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ሰናይትን ጠርቶ እኔ ፊት ያናገራት።

«ከዚህች ሥዕል ሌላ የአባትሽ እጅ ሥራ ምን ቀረሽ?»

«ምንም፣ ጋሼ። ታቤላ ነበር የሚጽፈው። ሱቁ ባለቤት ሲቀይር ላዩ ላይ ሌላ ይጻፍበታል። ሞልተው የነበሩት ሁሉ ጠፍተዋል። እናቴን የሳለባት አንዷ ብቻ ነች የተረፈችው፤ እሷንም ቤታችን ሲቸገር ሸጥናት። መጽሐፉ ላይ ሳያት፣ ‘የአባቴ ናት’ ብዬ ሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ነው እንደማላውቅ ሆኜ የጠየቅሁዎት…» አቋረጠች። «አሁን ሥራ ቦታ ያሉ አበሾች ‘አባትሽ አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብሎ የምን የሙት ልጅ ነኝ ማለት ነው’ ይሉኛል።»

ፈለቀ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ? እኔ ዝም ካልኩ ይህ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ስሙ አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ ልጁ አለች፤ እሱ ብቻ የለም። ሦስቱንም የወሰድኩበት እኔ ነኝ።»

እኔም ደግሜ ይበቃሃል አላልኩትም።

በኋላ ልቡ ደከመና ሆስፒታል ገባ። ብዙ ሰው አልጠየቀውም። አንድ ከሰዓት ዶክተር ሰሎሞን ብርቱካን ይዞ መጣ። ከስቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ሰናይት ቤት ሄጄ ነበር» አለ። «የእናቷን ፎቶ አየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ተመስገን» አለ ፈለቀ።

«አዲሱ እትም እየተሰናዳ ነው። ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ለመለየት እንዲያመች እርስዎን ‘ፈለቀ ደስታ’፣ እሱን ‘ፈለቀ ደስታ ሁለተኛው’ ብለን…»

«ማን ነው ሁለተኛ ያደረገው?»

«እንዲያው ለአንባቢ…»

«የግድ ከሆነ ሁለተኛው እኔ ልሁን። እንግሊዝኛውም አለ፣ ዘ አዘር ዋን።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «እሺ፣ የከተማውን ስም እንጨምራለን። አንድ ነገር ግን አለ።» ዓይኑን ብርቱካኑ ላይ ተከለ። «አሳታሚዎቹ ያልታወቀ ሰው ሥራ ሽፋን ላይ አይወጣም ብለዋል። ሽፋኑ ላይ የእርስዎ የገበያ ሥዕል ይሆናል። የሱ ውስጥ ይገባል፤ አነስ ብሎ።»

ፈለቀ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ነርሷ ገብታ ክንዱ ላይ የተተከለውን ጉሉኮስ አስተካክላ ወጣች። እኔ ደክሞት እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ነበር።

«እምቢ» አለ። ከሌላው ቀን ይልቅ በዝግታ።

«ጋሼ…»

«የኔ ናት ስትሉ ለሽፋን በቃች። የሱ መሆኗ ሲታወቅ አነሰች? ሥዕሏ ላይ ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀነሰ?»

«እኔ አይደለሁም፣ አሳታሚው…»

«እሷ ከሽፋኑ ከወረደች የኔን ሥዕል በሙሉ አውጣልኝ። አልፈቅድም።»

«እርስዎን ያላካተተ የሠዓሊዎች መጽሐፍ እንድናወጣ ነው እንዴ የሚፈልጉት? እንደዚያስ ቢሆን እሷን ሽፋን ላይ አያደርጓትም እኮ። የታወቀ ስም ነው የሚሹት።»

ፈለቀ ትራሱ ላይ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ደገፍኩት። ዓይኑ ውስጥ ያን ጊዜ የነበረውን ነገር አልረሳውም፤ ልክ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጥሩ ሥዕል ሲያገኝ የሚሆነው።

«የታወቀው ስም ማን ነው?»

«ፈለቀ ደስታ።»

«የሱስ ስም ማን ነው?»

ዶክተሩ ከአልጋው ጫፍ ተነሳ።

«ፊደሉ ልክ ነው አላላችሁኝም?» አለ ፈለቀ። «እንግዲያው እኔን አውጣኝ። አንድ ፈለቀ ደስታ ብቻ ይግባ፤ የድሬዳዋው። ስሙ ሽፋኑን ይይዝላችኋል፣ አሳታሚህም ደስ ይለዋል። ከሥሩ ግን የሱን ሕይወት ትጽፋለህ፤ የተወለደበትን፣ ታቤላውን፣ ሚስቱን። የኔን አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

«ሰው ይረሳዎታል ጋሼ። ይህ መጽሐፍ ሃምሳ ዓመት በየላይብረሪው የሚቀመጥ ነው። የሚመጣው ትውልድ የሚያውቅዎት በዚህ ነው። እንዳልነበሩ ይሆናሉ።»

«እሱ እንደዚያ ሆኖ ስንት ዓመት ኖረ? እኔ ቢያንስ አውቄ ነው የምገባበት።»

ዶክተሩ አለቀሰ። የተማረ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና የት እንደማይ ጠፋኝ። ፈለቀ ግን እጁን ያዘው። «ቃል ግባልኝ። አየለ ምስክር ነው። ለልጅቷም እንዳትነግራት» አለው። ቃል ገባ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ለቅሶው ላይ ሰው መጣ፤ ለቅሶ ላይ እኛ አንቀርም። ሰናይት ጥቁር ለብሳ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ እየተጎነበሰ «የአባትሽን ነፍስ ይማር» ይላታል። እሷም ለእያንዳንዱ፣ አንዱንም ሳትዘል፣ «አባቴ አይደሉም። የአባቴ ሞክሼ ናቸው» ትልና ታለቅሳለች። ያ የድሮ ወዳጁ ተራው ሲደርስ ይህንኑ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

አዲሱ እትም በቅርቡ ደረሰ። ዶክተር ሰሎሞን ቃሉን ጠብቋል። ሰናይት ከሥራ ወጥታ ቀጥታ እኔ ቤት ይዛው መጣች። እናቷ ሽፋኑ ላይ ናት፤ ቢጫውም እንዳለ ነው። ውስጡ አንድ ሙሉ ገጽ፤ ፈለቀ ደስታ፣ ድሬዳዋ፣ የታቤላ ሠዓሊ፣ ባለቤቱና ልጁ። ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የራሷ ስም ጋ ስትደርስ አቁማ ከላይ እንደገና ጀመረች።

ከዚያ ገጹን ገለጠች። እንደገና ገለጠች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ መጨረሻው ላይ ያለውን የስም ዝርዝር በጣቷ ወረደችበት።

«ጋሽ አየለ፣ የሳቸው የታለ?»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ሽፋኑን፣ አሳታሚዎቹን፣ የሆስፒታሉን ቀን፣ ሁሉንም። መጽሐፉን ዘግታ ተነሳች። ተቆጣች፤ እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ? ይሄማ ልክ አይደለም! እሳቸውን አስወጥቼ አባቴን የማስገባ ሰው ነኝ እኔ? ብሰማ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ዶክተሩ ቤት ሄጄ እምቢ እል ነበር!»

«ያውቅ ነበር» አልኳት። «ለዚህ ነው ያልነገረሽ።»